ዐረፍ በይ

እትዬ ሩቂያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጫማቸውን አጡት። አልጋው ሥር አጎንብሰው አዩ፣ ከመጋረጃው ኋላ አዩ፣ በሩ ላይ ከተደረደረው የቤተሰቡ ጫማ መሐል አንድ በአንድ እያነሱ ፈለጉ። የልጃቸው የረድዋን የቆዳ ጫማ በየቀለሙ አለ፣ የምራታቸው የፈይዛ ባለታኮ አለ፣ የልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ጫማ አለ፤ የእሳቸው ጥቁር ሸራ ግን የለም። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የሚሰቅሉት ዘንቢላቸውም የለም። ሌባ ነው እንዳይሉ፣ የቱ ሌባ ነው ያን ሁሉ የቆዳ ጫማ አልፎ የአሮጊት ሸራ የሚመርጥ? ማድቤት ገብተው ፈይዛን ጠየቋት። ፈይዛ ከምትከትፈው ቲማቲም ቀና ሳትል፣ ረድዋን ትናንት ማታ ልብስ ለምታጥበው ለብዙነሽ እንደሰጠላቸው፣ ሰደቃው በእሳቸው ስም እንደሆነ፣ ብዙነሽም ብዙ መርቃ እንደሄደች ነገረቻቸው። ዘንቢሉንም አብራ ወስዳለች። በሰው ጫማ ሰደቃ! ሰው ከገዛ እግሩ ላይ ተገፎ ምርቃቱ ያንተ ነው ሲባል ምን ይመልሳል? እትዬ ሩቂያ የመታጠቢያ ቤቱን ሸበጥ እንዳደረጉ፣ ምራታቸው ቲማቲሙን ከትፋ እስክትጨርስ ቆመው አዩዋት።

ነገሩ የመጣው ከዘንቢሉ ነው። እትዬ ሩቂያ ስኳር አለባቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን አልጋ ላይ አስተኝታቸው የእግራቸውን ጣቶች በጥጥ እየነካካች ይሰማዎታል ወይ ስትላቸው፣ እሳቸው ገና መንካት የጀመረች አልመሰላቸውም ነበር። ነርሷ ጥጡን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። በየቀኑ ከቤት ወጥተው እስኪያልባቸው መሄድ እንዳለባቸው፣ የተሸፈነ ጫማ ከእግራቸው እንዳይለይ፣ ቁጭ ካሉ ግን እግራቸው ከታች እየሞተ እንደሚመጣ ሳታለባብስ ነገረቻቸው። ይህ ለእትዬ ሩቂያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጓደኛቸውን ናፊሳን ዓምና እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆርጠውላታል፤ ከዚያ ወዲህ ናፊሳ ቀኑን ሙሉ የምታየው ጣሪያ ነው። ሊጠይቋት በሄዱ ቁጥር ናፊሳ የምታወራው ስለ ሌላ ነገር ሳይሆን ስለ መንገድ ነው፤ የትኛው ቤት ፊት ለፊት አዲስ ሱቅ እንደተከፈተ፣ ወንዙ ስንት ድንጋይ እንደሸፈነ ትጠይቃቸዋለች። 

ስለዚህ ለመሄድ ቆረጡ። ግን ወዴት? በሸዋ ሮቢት አንድ ሽማግሌ ወንድ ዝም ብሎ መሄድ ይችላል። መስጊድ ይሄዳል፣ ከመስጊድ ወንዶች ወደሚቀመጡበት ጥላ ይሄዳል፣ ከጥላው መናኸሪያ ደርሶ ከደብረ ሲና ማን እንደወረደ አይቶ ይመለሳል፤ የት ነበርክ የሚለው የለም። ሴት ግን ጉዳይ ያስፈልጋታል። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ገበያ፣ ወፍጮ። ከዚህ ውጭ መንገድ ላይ የታየች አሮጊት ወይ ጠፍታለች ወይ ዞሮባታል። እትዬ ሩቂያ ይህን ስለሚያውቁ ባዶ ዘንቢል መያዝ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ዘንቢሉን አንጠልጥለው በገበያው በኩል ያልፉና፣ ባላቸው አላህ ይዘንላቸውና ወንዙ ዳር ከተከሉት ማንጎ ደርሰው ይመለሳሉ። ወዴት ነው ላላቸው ሁሉ «ሽንኩርት ልገዛ ነው» ይላሉ። ሰውም ኪሎው መቶ ሊገባ ነው ብሎ ያማርራል፤ እሳቸውም ባልገዙት ሽንኩርት አብረው ያማርራሉ።

የከተማው ሰው ዘንቢሉን ሲያይ ሌላ ነገር አሰበ። ባለፈው እሑድ ሠርግ ቤት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ረድዋንን በሰው መሐል ጠርቶ፣ እናትህን በዚያ ፀሐይ ዘንቢል አንጠልጥላ አየኋት፣ ይህን ሁሉ የማሾ እህል እየጫንክ ለቤትህ አስቤዛ የሚገዛ ሰው አጣህ ወይ አለው። ሰው ሳቀ። ረድዋን አይሱዙዎቹ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ፣ ሠርግ ቤት ሲገባ ቦታ የሚለቀቅለት ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ሥጋውን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነው ጫማው ሰደቃ የሆነው።

ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን እኮ ነገሩ ቀላል ነበር። ለእናቱ የስኳር መለኪያ ማሽን አስመጥቷል፣ የገብስ ዱቄት ለብቻ ያስፈጫል፣ ክፍላቸው ውስጥ ቬንትሌተርና ግድግዳውን የሚያህል ቴሌቪዥን አስገብቷል። መጸዳጃ ቤት እንኳ ክፍላቸው ውስጥ አሠርቶላቸዋል፤ ከአልጋ ወርደው ዞር ሲሉ እዚያው ነው። በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሁሉ አለ። በገንዘብ የማይገኘውን አንድ ነገር፣ ወጥቶ መሄድን፣ እሱን ነው የወሰደባቸው። ቁርስ ላይ ሲይዙት እንቁላሉን እየጠቀለለ፣ ዐይናቸውን ሳያይ፣ ደክመሻል እኮ፣ አሁን ዐረፍ በይ አላቸው። ማን ደክማለች አለህ ሲሉት የመለሰው ስለ ድካም አልነበረም።

«እማ፣ ሰው ምን ይለኛል? እናቱን ገበያ ይልካል ነው የሚሉኝ።»

«ነርሷ ናት ሂጂ ያለችኝ።»

«እሱን ለሁሉም ይላሉ። ለድሃው የሚነግሩትን ነው ለአንቺም የሚነግሩሽ። ሮቤልን በወር ይዤልሻለሁ፤ በባጃጅ የፈለግሽበት ያደርስሻል።»

እትዬ ሩቂያ በባጃጅ ሲኬድ የሚሄደው ጎማው እንጂ እግራቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ረድዋን የልጅ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቀና ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። ፈይዛ ሳህኑን አነሳች። ሠራተኛዋ መጥታ የእትዬ ሩቂያን ብርጭቆ ከእጃቸው ተቀበለች፤ በዚህ ቤት ብርጭቆ እንኳ ተሸክመው ማድቤት እንዲደርሱ አይፈቀድም። ቴሌቪዥኑ ተከፈተላቸው። አንድ ወጣት ሰውነት ማንቀሳቀስ ለጤና ያለውን ጥቅም እየተንጠራራ ያስተምራል፤ ፈይዛ ድምፁን ጨመረችላቸውና እሳቸውን ሶፋው ላይ ትታ ወጣች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። በዚህ ቤት ክፉ ቃል አይነገርም፤ የሚያንቀው እሱ ነው። ውጪ ፀሐዩ ግድግዳውን ማጋል ጀምሯል፣ ቬንትሌተሩ ያንኑ የሞቀ አየር ያመላልሳል፣ ሴራሚኩ ላይ ያሉት ሁለቱ እግሮቻቸው የሌላ ሰው መስለው ይታዩዋቸዋል። አንደኛውን ጣት በእጃቸው ቆነጠጡት። ጥፍራቸው ቆዳው ላይ መስመር አወጣ፤ ሌላ ምንም የለም።  ሻሻቸውን አጥብቀው አሠሩና በሸበጣቸው ከግቢው ወጡ።

ዋናው መንገድ ላይ ከደሴ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች አቧራውን ያስነሱታል። ማንጎ ሻጮቹ ገና ጥላ እየዘረጉ ነው። እትዬ ሩቂያ እጃቸው ላይ ምንም ስለሌለ የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው የሻሻቸውን ጫፍ ያዙ። ባለሱቁ ተፈራ ከሩቅ ሲያያቸው ወንበር ይዞ ወጣ። ምን ሆኑ፣ ደህና አይደሉም እንዴ፣ በሸበጥ ወዴት ነው፣ እስኪ ቁጭ ይበሉ አለ። ተፈራን አመስግነው አለፉ። ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ደግሞ ሌላ ወንበር አወጣች። ከተማው ለእሳቸው ያለው ነገር ወንበር ብቻ ነው። ከኋላቸው አንዷ ለአንዷ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ስትል ጆሯቸው ሰማ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ወዮ ለእግራቸው። ዞር ብለው ሊመልሱላት ፈለጉ፣ ግን ምን ብለው? አምባር አልፈለግኩም፣ ጫማዬን ነው የምፈልገው ቢሉ የከተማው መሳቂያ ይሆናሉ።

የመናኸሪያው መታጠፊያ ጋ ሳይደርሱ የሮቤል ባጃጅ ጎናቸው መጣ። ሮቤል የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ግን የወር ደመወዙ እሳቸውን በእግራቸው ባለማየት ላይ ነው የቆመው። ይግቡ አላቸው። አልገባም አሉት። ባጃጁን በእርምጃቸው ልክ እያስኬደ ጎን ለጎን ተከተላቸው። ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሌላ ባጃጅ ቆሞ ምንድነው አለ፣ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ሮቤል አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረድዋን በእግርዎ መሄድዎን ከሰማ ነገ ሌላ ሰው ይይዛል፣ ልጆቼን ያስቡልኝ አላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዲት አሮጊት እግሯን ብታንቀሳቅስ የሰው ልጆች ይራባሉ። ከተማው አሥሮ የያዛቸው እንዲህ ነው፤ ደግሞ ሁሉም በፍቅር። እትዬ ሩቂያ ገቡ። ወደ ቤት ልታዞር እንዳትሞክር፣ ብዙነሽ ቤት አድርሰኝ አሉት።

ከከተማው ሊወጡ ሲሉ የባላቸውን ታላቅ ወንድም ጋሼ ሷሊሕን አገኟቸው። ጋሼ ሷሊሕ በዕድሜ እሳቸውን በጣም ይበልጣሉ። ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሸርጣቸውን ከፍ አድርገው፣ ከማሳቸው በእግራቸው እየመጡ ነበር። መንገድ ዳር የተቀመጡት ወንዶች ጀግናው ይሏቸዋል፣ ሰላምታ ሲሰጧቸው ብድግ ይላሉ። እትዬ ሩቂያ ሮቤልን አስቁመው ጋሼ ሷሊሕን ፀሐዩ ሳይበረታ ግቡ አሏቸው። አሮጌው ሰው ባጃጁን እንደ ነውር ነገር አዩት። እግር ካልሄደ ይዝጋል አሉ፤ እኔ ባጃጅ የገባሁ ዕለት ከፈኔን ግዙልኝ ብለው ሳቁ። ሮቤልም ሳቀ። እትዬ ሩቂያ የእኔስ እግር አይዝግም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ሷሊሕ ግራ ገባቸው። ከዚያ ፍቅር በሞላበት ድምፅ፣ አንቺማ ምን ጎድሎሽ፣ ልጅ ወልደሻል፣ ደርሶልሻል፣ ዐረፍ በይ እንጂ፣ ልጅሽን በሰው ፊት አታሳጪው ብለው መርቀዋቸው ሄዱ። አረማመዳቸው ቀጥ ያለ ነው። እትዬ ሩቂያ በባጃጁ የኋላ መስኮት እስኪጠፉ አዩዋቸው፤ በሰው እንዲህ ቀንተው አያውቁም።

ብዙነሽ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከማሾ እርሻው ማዶ፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። የእትዬ ሩቂያ እኩያ ናት፤ ምናልባትም ትበልጣቸው ይሆናል። ግን ልብስ አጣቢ ስለሆነች እትዬ የሚላት የለም። በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችለው ፈይዛ እንኳ አንቺ ነው የምትላት፤ እኔም ይኸው እንደ ሰዉ እያወራሁ ነው። ሮቤል እኩለ ቀን ላይ መጥቼ እወስድዎታለሁ ብሎ ተመለሰ። ብዙነሽ ደጇ ላይ ትልቅ ሳፋ ፊት አጎንብሳ የሆቴል ብርድ ልብስ ታሻለች። ጥቁሩ ሸራ እግሯ ላይ ነው። ስለጠበባት ተረከዙን ረግጣዋለች። እትዬ ሩቂያ ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርሱ ጫማቸውን ፈልገው እንደመጡ ተናገሩ። ብዙነሽ ከወገቧ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባት፤ መጀመሪያ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ነው የቆመችው።

«ሰደቃ ተመልሶ ይጠየቃል እንዴ እትዬ?»

እሳቸው እንዳልሰጡ፣ ሳይጠየቁ እንደተወሰደባቸው፣ ካልሄዱ እግራቸው እንደሚቆረጥ ነገሯት። ብዙነሽ መጀመሪያ የምር አልመሰላትም። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ደግ አልነበረም።

«እኔን ደግሞ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ወገብሽ አልቋል፣ ቁጭ በይ አለኝ። ማን እያበላኝ እንደምቀመጥ ግን አልነገረኝም። እርስዎን ቁጭ በይ ብሎ የሚለምን ልጅ አለዎት፤ ካልጠገቡ አይዘሉ ማለት ይኸው ነው።»

እትዬ ሩቂያ ፊታቸው ጋለ። ልብስ አጣቢያቸው እንዲህ ትናገረኛለች ብለው አስበው አያውቁም። ሊሄዱም ዞሩ። ግን ወዴት ይሄዳሉ? እውነቷን ነው ማለትም አቃታቸው፣ ውሸቷን ነው ማለትም አቃታቸው። ይህች ሴት በየቀኑ ከዚህ ከተማ፣ ከከተማ እዚህ ትሄዳለች፣ ትሸከማለች፣ ታጎነብሳለች፤ ሄደሽ ዳንሽ የሚላት የለም፣ አርጅተሻል በቃሽ የሚላትም የለም። እሳቸውን ያስቀመጣቸው ያው ሰው እሷን ያስነሣታል፣ ለሁለቱም ምርቃት ይቀበላል።  ብዙነሽ ብርድ ልብሱን ከሳፋው ስታወጣ ውሃው ከበዳትና ግማሹ መሬት ነካ። እትዬ ሩቂያ ሳይታዘዙ ሄደው ሌላውን ጫፍ ያዙ። ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ጠመዘዙ፤ ውሃው በመሐላቸው ተንዠቀዠቀ። ሁለተኛውን ጨመቁ፣ ሦስተኛውን ጨመቁ። የእትዬ ሩቂያ ላብ አንገታቸው ላይ ወረደ፣ ትንፋሻቸው ፈጠነ፤ ስንት ጊዜያቸው ነው እንዲህ ካላባቸው! ብዙነሽ አሁን በሌላ ሳቅ ሳቀች። ክንድዎት ገና ነው፣ አላረጀም አለቻቸው።

ሲጨርሱ ብዙነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማውን ማውለቅ ጀመረች። ተረከዟ የበጋ ፀሐይ እንደሰነጠቀው ጭቃ ነው፤ ከስንጥቁ አንዱ ገና ቀይ ነው። እትዬ ሩቂያ እጇን ያዟት።

«ተይው፣ አንቺው አድርጊው። ጠቤ ከሰጪው ጋር ነው።»

በሸበጥ እንዳይሄዱ፣ ሮቤል እስኪመጣ እንዲጠብቁ፣ መንገዱ የግራር እሾህ እንደሆነ ብዙነሽ ነገረቻቸው። የነርሷም ቃል ትዝ ብሏቸዋል። ግን ሮቤልን ከጠበቁ ተመልሰው ሶፋው ላይ ናቸው፤ ነገ ደግሞ በሩ ላይ ሌላ ነገር ይጠፋል። ሄዱ። በማሾው መሐል በምትሄደው ቀጭን መንገድ፣ ማሾ የሚለቅሙት ሴቶች ቀና እያሉ ሰላም ሲሏቸው፣ አንዷም ቁጭ ይበሉ ሳትላቸው ሄዱ። እርሻ ላይ ወንበር የለም፣ አልሐምዱሊላህ። የሮቢ ወንዝ ከሩቅ ይሰማል፣ ከላይ ከጣርማ በር በኩል ደመናው ተራራው ላይ ተንጋሎ ይታያል፣ እዚህ ታች ግን ምድሩ ይጋላል። በልጅነታቸው ከካራቆሬ እስከ ዘመድ ቤት በእግራቸው የሚሄዱበት ጊዜ ትዝ አላቸውና ሳያስቡት እያንጎራጎሩ ነበር።   ማንጎው ሥር ደርሰው ዙህርን ሰግደው፣ ከጥላው ብዙ ቆይተው፣ የአስር ሶላት ሲቃረብ ወደ ቤት ተመለሱ። በመንገድ አንዴ ሸበጡ ውስጥ ቀኝ እግራቸው ተንሸራተተባቸው፤ ላብ ነው አሉና ቀጠሉ። ከተማው አያቸው፣ ወንበር ይዞ የወጣም ነበር፤ አላዩትም።

ግቢው ሲገቡ በሩ ላይ የማያውቁት ጫማ ተደርድሯል። ሮቤል ለረድዋን ደውሏል፣ ረድዋን በከተማው ሁሉ ሲያፈላልጋቸው ውሏል፤ ሲያጣቸው ሽማግሌ ሰብስቧል። ሼህ ሙሀሲን ከላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ጋሼ ሷሊሕና ሌላ አንድ የሠፈር ሽማግሌ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ምግቡ ተከድኖ ቀርቧል፤ እርቁ ሲያልቅ ይከፈታል። እትዬ ሩቂያን በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሼህ ሙሀሲን በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ። ልጅሽ ጥፋቱን አውቋል አሉ፤ ጫማሽን ሳያማክርሽ መስጠቱ ልክ አይደለም፣ እሱን አውግዘነዋል። አንቺም ደግሞ ተቀየምሽ፣ ከቤት ወጣሽ፣ የልጅ ስም አለ። እሱ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ይላል፣ አንቺም አፉ በዪው፣ ከእንግዲህም ቤትሽ ዐርፈሽ ተቀመጪ፣ ዱዓ አድርጊልን። ጀነት ከእናት እግር ሥር ናት አሉ። ሁሉም አሚን አሉ። እትዬ ሩቂያ ወጥመዱን አዩት። በዚህ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልጅ እግር ላይ ወድቆ፣ አፉ የማትል እናት የለችም። ብትኖር የልጇን ሲሳይ የዘጋች፣ አንጀቷ የደነደነ ትባላለች፤ ስሟ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አፉ ካሉ ደግሞ ከነጭራሹ ፈርመው መቀመጣቸው ነው፤ ዛሬ ሽማግሌ ያሠረውን ነገ ዘንቢል አይፈታውም።

ረድዋን ከሶፋው ተነሥቶ ሴራሚኩ ላይ ተንበረከከ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ፈርቶ ነው የዋለው፣ ይህን አይክዱትም። የእናቱን ቀኝ እግር ከሸበጡ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ሳመው። ቀና ሲል ከንፈሩ ላይ ደም ነበር።  ረድዋን እግሩን አዙሮ አየው፤ እሾሁ የሸበጡን ሶል በስቶ ገብቶ ውስጥ ተሰብሯል፣ ደሙ ከአቧራው ጋር ጠቁሮ እስከ ጣታቸው ድረስ ደርቋል፣ ከውስጥ ግን ገና ትኩስ ይወጣል። መቼ ነው የወጋሽ አላቸው። እትዬ ሩቂያም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ላብ ነው ያሉት ትዝ አላቸው።

«አየሽ እማ? ይኸው!» አለ ረድዋን፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እዩልኝ እስኪ። እኔ ምን አልኩ? ለዚህ ነው አትውጪ የምላት።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ሷሊሕም፣ በእግራቸው መጥተው በእግራቸው የሚመለሱት ሰውዬ፣ አብረው ነቀነቁ። ሸራውን ማን ከእግራቸው እንዳወጣው ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። አሁንማ ነገሩ አለቀ፣ አላህ ራሱ ምልክት አሳየሽ፣ አፉ በዪውና ልጁ ይነሣ አሉ ሼህ ሙሀሲን። ረድዋን እግሩን እንደያዘ ይጠብቃል። ምግቡን ለመክፈት ፈይዛ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ስትስመኝ አየሁህ እንጂ አልተሰማኝም» አሉ እትዬ ሩቂያ። ድምፃቸው አልጮኸም። «እሾሁም አልተሰማኝም። እሾሁና አንተ ለእግሬ አንድ ናችሁ። ነርሷ ይህን ነበር የነገረችኝ፣ እኔም ይህን ነበር የነገርኩህ፤ አንተ ግን የሰማኸው የሽንኩርት ነጋዴውን ነው።»

«እማ፣ ሽማግሌ ፊት...»

«ሽማግሌዎቹም ይስሙ። አፉ አልልም። እግሬ እስኪድን እተኛለሁ፣ የታዘዘልኝን መድኃኒት እውጣለሁ። ሲድን ጫማ አድርጌ፣ እጄ ላይ ምንም ሳልይዝ፣ በዋናው መንገድ፣ በጠራራው እሄዳለሁ። ወዴት ነው ሲሉኝ መሄዴ ነው እላለሁ። ሄጄ ተመልሼ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ያን ጊዜ አፉ እልሃለሁ። እስከዚያ ሽማግሌ አትላክብኝ።»

 የእርቁ ዱዓ ስላልተጀመረ የሚጨረስም አልነበረም። ልመናው ያልተሰማለት ሽማግሌ ምግብ አይቀምስምና አንድ በአንድ ተነሡ፤ በሩ ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ወጡ።  ፈይዛ ሳትታዘዝ ሮቤልን ጠርታ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲያደርሳቸው ነገረችው። እትዬ ሩቂያ ከሻሻቸው ጫፍ ቀደው ቁስሉን ጠቅልለው፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። ረድዋን አሁንም በእሳቸውና በበሩ መሐል ተንበርክኮ ነው፤ ከንፈሩን አልጠረገም። ሊደግፋቸው ክንዳቸውን ያዘ።

«ልቀቀኝ» አሉት፣ «ይልቅ ከበሩ ላይ ተነሥ። መንገድ ዘግተህብኛል።»